ጭንቅላት የመታ ተጫዋች እንዴት ይቀጣ? ከአይስ ሆኪ እስከ ኮዬ ፈጬ ሜዳ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የሰፈር ዋንጫ የምናዘጋጅ ኮሚቴ ነን። ባለፈው እሁድ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ኮርና ሲሻማ የሌላኛው ቡድን ተከላካይ ለቴስታ ዘሎ ክርኑን የእኛ አጥቂ ጆሮ ግንድ ላይ አሳረፈበት። ልጁ ወደቀ። ውሃ ረጨንበት፣ ተነሳ፣ ጨዋታውንም ጨረሰ። ማታ ላይ ግን አስመለሰው። ዳኛው ለተከላካዩ ቢጫ ነው የሰጠው። አሁን ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ አንድ ዓመት ይታገድ ይላል። ግማሹ ደግሞ ሆን ብሎ አይደለም፣ ልጁም ድኗል፣ ይለፍ ይላል። አንዱ አባላችን አይስ ሆኪ ይከታተላል፤ እዚያ ጭንቅላት የመታ በቪዲዮ ታይቶ ነው የሚቀጣው አለን። እውነት እነሱ እንዴት ነው የሚቀጡት? መቀጣት ያለበትስ እንዴት ነው? ለእኛ የሚሆን ነገር አለው?»

መልስ፦ ከቅጣቱ በፊት ልጁን እንጨርስ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ማታ ያስመለሰው ሰው ሐኪም ሳያየው ማደር አልነበረበትም። ይህን ስታነብ ገና ካልታየ ዛሬውኑ ውሰዱት። ከእናንተ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አይርቅም። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ አንገቱን ካመመው፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው፣ እጅ እግሩ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሲቀሰቅሱት ቶሎ ካልነቃ ወይም ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም። 907 ወይም 939 ደውሉ። አምቡላንሱ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት።

«ልጁም ድኗል» የምትሉትን ነገር ተዉት። ማን አይቶት ነው የዳነው? ተነስቶ መሮጡ መዳኑን አያሳይም። የአንጎል መናወጥ፣ ኮንከሽን የምንለው፣ ብዙውን ጊዜ ሰውየውን ራሱን አያስተውም። አብዛኞቹ ተጎጂዎች ለአንድ ሰከንድም ራሳቸውን ሳይስቱ ነው የሚጎዱት። እንቁላል ስትወዘውዝ ቅርፊቱ ደህና ሆኖ ውስጡ እንደሚናወጥ ማለት ነው። ቁስል የለም፣ እብጠት የለም፣ ደም የለም። ሆስፒታል ሄዶ ሲቲ ስካን ቢነሳም ምስሉ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ስካኑ የሚፈልገው የደም መፍሰስንና ስብራትን ነው እንጂ ይህን መናወጥ አያሳይም። ምልክቱ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ በእናንተ ልጅም የሆነው ይኸው ይመስላል።

ሜዳ ላይ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ቀድሞም ያውቀዋል። የተመታው ልጅ ሲነሳ አንድ እግሩን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል። የታሰረ የታኬታ ገመድ ፈትቶ እንደገና ያስራል። «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ ይጠይቅሃል፣ ትነግረዋለህ፣ ከደቂቃ በኋላ መልሶ ይጠይቅሃል። ኮርና ሲመጣ የራሱን ሰው ትቶ ዝም ብሎ ይቆማል። ጓደኞቹ «ዛሬ ምን ሆነ ይሄ ልጅ፣ ፈዘዘ» እያሉ ይጮኹበታል። እኔ ለኮሚቴዎች ሁሌ የምላቸው ይህንን ነው፦ ከእነዚህ አንዷን እንኳ ካያችሁ ይውጣ፣ በዚያ ቀን አይመለስ። ውሃ መርጨት፣ ሽንኩርት ማሽተት፣ ጉንጩን መታ መታ ማድረግ አንጎሉን አይጠግንም። የሚያደርገው ልጁን ቶሎ አስነስቶ ለሁለተኛ ምት ማቅረብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምት ምን እንደሚያደርግ የአይስ ሆኪን ትልቁን ስም ተመልከት። ሲድኒ ክሮስቢ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2011 ጭንቅላቱን ተመታ። መጫወቱን ቀጠለ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጥር 5፣ እንደገና ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ከዚያ በኋላ ሜዳ የተመለሰው ኅዳር 21 ነው። አሥር ወር ተኩል ማለት ነው። ተመልሶም ብዙ ሳይቆይ ምልክቱ አገረሸበትና እስከ መጋቢት 2012 እንደገና ወጣ። ይህ የግል ሐኪም፣ የራስ ቁር፣ ሁሉ ነገር የተሟላለት ሰው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው።) የራስ ቁሩን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው «እነሱማ ሄልሜት አላቸው» ይላል። ሄልሜት የራስ ቅል ስብራትን ይከላከላል። አንጎል ውስጥ ለውስጥ እንዳይናወጥ ግን አያደርግም።

አሁን ወደ ቅጣቱ። አባላችሁ የነገራችሁ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው።

አይስ ሆኪ ላይ በትከሻና በሰውነት መግጨት የተፈቀደ ነው። ፐክ የምትባለዋን ጥቁር ጠፍጣፋ ላስቲክ የያዘውን ሰው ገጭተህ ማስጣል የጨዋታው አካል ነው። ለብዙ ዘመን ደግሞ ትከሻህ የተጋጣሚህ ጭንቅላት ላይ ቢያርፍም ክርንህን እስካላነሳህ ድረስ ንጹሕ ግጭት ይባል ነበር። በ2000 በሰሜን አሜሪካው ሊግ የምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ስኮት ስቲቨንስ የሚባል ተጫዋች ተጋጣሚውን ኤሪክ ሊንድሮስን በትከሻው ጭንቅላቱ ላይ ገጭቶ በረዶው ላይ ዘረረው። ሊንድሮስ ከዚያ በፊትም ተደጋጋሚ የአንጎል መናወጥ የደረሰበት ሰው ነበር። ፊሽካ አልተነፋም፣ ቅጣትም አልመጣም። ብዙ ሰው ያለው «ጭንቅላቱን አቀርቅሮ ማን ሂድ አለው?» ነው። ጥፋቱ ወደተመታው ዞረ። እኛ ሰፈርም ይህቺ ነገር አለች፣ «ኳስ እኮ የወንድ ነው፣ ካልቻለ ቤቱ ይቀመጥ» የምትባለዋ።

ነገሩ የተቀየረው በ2010 ነው። መጋቢት 7 ቀን የቦስተኑ ማርክ ሳቫርድ ወደ ጎል መትቶ ገና ክንዱን እያወረደ፣ ዓይኑ ፐኳን እየተከተለ ሳለ፣ የፒትስበርጉ ማት ኩክ ከማያይበት ጎን መጥቶ ጭንቅላቱን ገጨው። ሳቫርድ በቃሬዛ ወጣ። ኩክ በሜዳ ላይም አልተቀጣም፣ በኋላም አልታገደም። የዲሲፕሊን ኃላፊዎቹ ምክንያት አጭር ነበር፦ ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። ሳቫርድ በግንቦት ተመለሰ፣ በቀጣዩ ጥር ሌላ ግጭት ገጠመው፣ በዚያው የተጫዋችነት ዘመኑ አበቃ።

ከዚያ በኋላ ነው የሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ ሕግ ቁጥር 48ን ያወጣው። መጀመሪያ የከለከለው ከጎን ወይም ከማይታይበት አቅጣጫ የሚመጣውን ብቻ ነበር። በ2011 አቅጣጫውን ተወውና ከየትም ይምጣ አለ። በኋላ ደግሞ አነጋገሩን አስተካክለው ዋናው የተመታው ጭንቅላት ከሆነ፣ መመታቱም ማስቀረት የሚቻል ከነበረ ክልክል ነው ወደሚል አመጡት። ይህቺን «ማስቀረት ይቻል ነበር ወይ» የምትል ሐሳብ ያዝልኝ፣ ለእናንተም መፍትሔው እሷ ናት። በ2011 የተጫዋቾች ደህንነት ክፍል የሚባል ቢሮ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ኃላፊ ራሱ የቀድሞ ተጫዋች የነበረው ብሬንዳን ሻናሃን ነው። ይህ ቢሮ እገዳ ሲጥል ቪዲዮ ያወጣል። ግጭቱን ያሳያል፣ የትኛው እንቅስቃሴ ጥፋት እንደሆነ ያብራራል፣ ስንት ጨዋታ እንደታገደና ለምን እንደታገደ ይናገራል። ከእነሱ ሥራ እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ይህንን ነው። ተጫዋቹ ቢናደድም ምን እንዳጠፋ ያውቃል። ሌላውም አይቶ ይማራል።

እስከዚህ ጥሩ ነው። ድክመቱ ግን ትንሽ አይደለም፣ አባላችሁም ይህንን ሳይነግራችሁ አይቀርም።

አንደኛ፣ ሜዳ ላይ ያለው ዳኛ እጁ ታስሯል። በሕግ 48 መሠረት ጭንቅላት ለመታ ተጫዋች ዳኛው ወይ 2 ደቂቃ ከሜዳ አውጥቶ ያስቀምጠዋል፣ ወይም ሊጎዳ ብሎ አደረገው ብሎ ካመነ ከጨዋታው ጨርሶ ያስወጣዋል። መሐሉ ባዶ ነው። ዳኛ ደግሞ ሰው ነው፣ ልብ ውስጥ ገብቶ ሐሳብ ማንበብ ሲከብደው ወደ ቀላሉ ይሄዳል። የእናንተም ዳኛ ቢጫ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሌላው፣ እገዳው ሲወሰን የተመታው ሰው መጎዳት አለመጎዳቱ እንደ አንድ መመዘኛ ይቆጠራል። እኔ በዚህ ጨርሶ አልስማማም። ያው ክርን፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ቦታ ሆኖ አንዱ ልጅ በዕድሉ ተርፎ ሌላው ቢወድቅ የአጥፊው ጥፋት በምን ይለያያል? በጉዳት ልክ ከቀጣህ አደገኛውን ዝላይ አልቀጣህም፣ የቀጣኸው ዕድልን ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የምሰማው «የተመታው እስኪድን የመታው ይታገድ» የሚለው ሐሳብ ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ ጣጣው ብዙ ነው። የተጎዳው ቡድን ልጁ ድኖም አልዳነም ሊል ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ የመታው ጓደኛው ከሆነ ልጁ ሕመሙን ደብቆ ቶሎ ሊመለስ ይችላል። ሁለቱም አደጋ ነው። ሕመምን ለመደበቅም ለማጋነንም ምክንያት የሚሰጥ ሕግ አታውጡ።

ከዚያ ደግሞ የገንዘቡና የቁጥሩ ነገር አለ። ቀለል ያለ ጥፋት ላይ የሚጣለው የገንዘብ መቀጫ ጣሪያው ብዙ ጊዜ 5 ሺህ ዶላር ነው። ሚሊዮን ለሚከፈለው ሰው ምንም አይደለም። ከ80 በላይ ጨዋታ ባለው የውድድር ዘመን ውስጥ የ2 ወይም የ3 ጨዋታ እገዳም እምብዛም አይቆረቁርም። ቶም ዊልሰን የሚባለውን ተጫዋች ውሰድ። በአንድ ዓመት አካባቢ ውስጥ በአጫጭር እገዳዎች ሦስት ጊዜ አለፈ። ከእነዚህ አንዱ ተጋጣሚው መንጋጋው የተሰበረበት ነበር፣ ቅጣቱ 3 ጨዋታ። አራተኛውን ሲያጠፋ ሊጉ በጥቅምት 2018 በአንዴ 20 ጨዋታ ጣለበት። ይግባኝ ሰሚው ወደ 14 አወረደው። ውሳኔው ሲመጣ ግን ሰውየው 16ቱን ቀድሞ ተቀጥቶ ነበር። ሦስት ጊዜ ለዘብ ብለው በአራተኛው ቁጣ ማውረዳቸውን ልብ በል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህንን።

ትልቅ ቅጣት በራሱ ያርማል ብለው የሚከራከሩ የራፊ ቶሬስን ታሪክ ቢያዩ ጥሩ ነው። በ2012 በማሪያን ሆሳ ላይ ባደረሰው ግጭት 25 ጨዋታ ታገደ፣ በይግባኝ 21 ሆነ። በ2015 ተመልሶ ሌላ ተጫዋች ጭንቅላት ገጨና 41 ጨዋታ፣ የውድድር ዘመኑን ግማሽ፣ ታገደ። 25ቱ አላስተማረውም ማለት ነው። በሌላ በኩል ያ ሳቫርድን የገጨው ማት ኩክ አለ። በመጋቢት 2011 ሌላ ተጫዋች ፊት ላይ ክርኑን አሳርፎ የቀሩትን 10 ጨዋታዎችና የጥሎ ማለፉን የመጀመሪያ ዙር ታገደ። በዚህኛው ጊዜ ግን አንድ የተለየ ነገር ነበር። የገዛ ክለቡ ከጎኑ አልቆመም። ሥራ አስኪያጁ እገዳው ተገቢ ነው ብሎ በይፋ ተናገረ፣ አጨዋወቱን እንዲቀይር ነገረው። ኩክ በክረምቱ ቪዲዮ እያየ አጨዋወቱን ሠራበት። በቀጣዩ ዓመት በቅጣት ያሳለፈው ደቂቃ ከ129 ወደ 44 ወረደ። መልአክ አልሆነም፤ በ2014 ተጋጣሚውን በጉልበቱ መትቶ 7 ጨዋታ ታግዷል። ግን ሰው ሊለወጥ እንደሚችል አሳይቷል። የለወጠው የእገዳው ርዝመት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። አሰልጣኙና ክለቡ «እንዲህ አድርገህ ለእኛ አትጫወትም» ሲሉት ነው ነገሩ የገባው።

ስለዚህ አይስ ሆኪ እንዴት ይቅጣ ለሚለው የእኔ መልስ ግልጽ ነው። ዋናው የተመታው ጭንቅላት ከሆነና ማስቀረት ይቻል ከነበረ የ2 ደቂቃው ነገር ይቅር። ቡድኑ 5 ደቂቃ በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወት፣ ተጫዋቹ በዚያ ቀን አይመለስ። ሆን ብሎ ነው አይደለም የሚለው ክርክር እዚህ ደረጃ ላይ አይነሳ። ሆን ብሎ መሆኑ ከተረጋገጠ ቅጣቱን ይጨምራል እንጂ፣ አለመረጋገጡ ነጻ አያወጣም። ከዚያ ለሁሉም እኩል የሆነ ዝቅተኛ እገዳ ይኑር። 5 ጨዋታ ቢሆን እኔ ይበቃል እላለሁ። የተመታው ቢወድቅም ባይወድቅም 5 ነው። ሁለተኛ ጊዜ ያጠፋ እጥፍ፣ ሦስተኛ ጊዜ የእጥፍ እጥፍ። አሁን ያለው ሕግ ሰውን ደጋጋሚ አጥፊ ብሎ የሚቆጥረው በ18 ወር ውስጥ ካጠፋ ነው፤ ያ አጭር ነው፣ ሦስት ዓመት ይሁን። ለክለቡም የሚቆረቁር ነገር ይኑር። ውሳኔው ደግሞ በቀናት ውስጥ፣ ከነማብራሪያው ይውጣ።

«ይህ ጨዋታውን ይገድለዋል» የሚሉ አሉ። ራግቢ ላይ እኮ ጭንቅላት ላይ ያረፈ አደገኛ ግጭት መነሻው የ6 ሳምንት እገዳ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ነው ማቅለያ የሚታየው። ተጫዋቹ የአያያዝ ሥልጠና ከወሰደ ከቅጣቱ ይቀነስለታል። ራግቢ አልሞተም። እግር ኳስ ራሱ በ2006 ሆን ተብሎ በክርን ጭንቅላት መምታት ቀይ ካርድ ነው ብሎ ለዳኞች ጥብቅ መመሪያ ሰጥቷል። የጀርመን ተመራማሪዎች የቡንደስሊጋን 13 የውድድር ዘመን አጥንተው ከመመሪያው በኋላ የጭንቅላት ጉዳት በ29 በመቶ ቀንሶ አግኝተውታል። መቶ በመቶ የመመሪያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም፣ በዚያ ጊዜ ሌላም የተለወጠ ነገር ይኖራል። ግን ቀላል ቁጥር አይደለም። ቀይ ካርድ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ልጆችን በተመለከተ ቅጣት ብቻውን አይበቃም። ካናዳ ውስጥ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች መጋጨት የሚፈቀድበትን አልበርታንና የማይፈቀድበትን ኩቤክን ያነጻጸረ ጥናት በ2010 ወጥቶ ነበር። በሚፈቀድበት ክፍለ ሀገር ጉዳቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አሜሪካ በ2011፣ ካናዳ በ2013 በዚያ ዕድሜ መጋጨትን ከለከሉ። ምን ያህል እንቅጣ እያሉ ከመከራከር ነገሩን ራሱን ከልጆች ጨዋታ አወጡት። እናንተም ከ13 ዓመት በታች የሚጫወቱ ካሏችሁ ቴስታን ቀንሱ፣ በተለይ ልምምድ ላይ።

አሁን ወደ ኮዬ ፈጬ እንምጣ። የአይስ ሆኪን ቁጥር እንዳለ አምጥታችሁ አትለጥፉ። እነሱ ከ80 በላይ ጨዋታ አላቸው፣ እናንተ ምናልባት ሰባት ወይም ስምንት። ለእነሱ 5 ጨዋታ አንድ ወር እንኳ አይሞላም፣ ለእናንተ ውድድሩ በሙሉ ማለት ይቻላል። አንድ ዓመት ይታገድ የሚሉትንም አልደግፍም። እንዲህ ያለ ሕግ ውድድሩ ሲጀመር አልጻፋችሁም፣ አሁን በንዴት የምታወጡት ቅጣት ደግሞ የሰፈር ቂም ይሆናል። ዓመት ሙሉ የታገደ ልጅም ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ገላን ሄዶ በሌላ ስም ይጫወታል።

ይለፍ የሚሉትም ተሳስተዋል። እናንተ ባትጽፉትም የእግር ኳሱ ሕግ ተጽፏል። በኳስ ፉክክር ላይ ከመጠን ያለፈ ኃይል መጠቀም ወይም የተጋጣሚን ደህንነት አደጋ ላይ መጣል ቀይ ካርድ ነው። ሆን ብሎ መሆኑ እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጥያቄያችሁ መሆን ያለበት «ልጁ ክፉ ነው ወይ?» ሳይሆን ያቺ ክርን ማስቀረት ይቻል ነበር ወይ ነው። ይህን ደግሞ ማየት ይቻላል። ሰው ሲዘል እጁን ያነሳል፣ ሚዛን የሚጠብቀው በእሱ ነው፤ ያ ጥፋት አይደለም። እግሩ መሬት ከለቀቀ በኋላ ክንዱ ታጥፎ ከትከሻው በላይ ከወጣ፣ ክርኑ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ከተወረወረ፣ ተጋጣሚው እዚያ መኖሩን እያወቀ ከሆነ ግን ያ እጅ የወጣው ለሚዛን አይደለም። ዓይኑንም እዩ። ኳሷን ያያል ወይስ ከመዝለሉ በፊት ሰውየውን አየት አድርጓል?

የሜዳችሁም ነገር አለ። መሬቱ ኮትቻ ነው፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያንሸራትታል። ተንሸራቶ የወደቀንና ዘሎ የመታን አትቀላቅሉ።

በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ ተጠቀሙበት፣ ግን በጥንቃቄ። ከኮርናው ምት ጀምሮ ሙሉውን እዩ፣ ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውን አይደለም። መጀመሪያ በትክክለኛው ፍጥነት እዩት። በዝግታ የሚጫወት ምስል ሁሉንም ነገር ሆን ተብሎ የተደረገ ያስመስለዋል። ዝግታው የሚጠቅመው ክርኑ የት እንዳረፈ ለማየት ብቻ ነው።

ምክሬ ይህ ነው። ቪዲዮው ወይም ገለልተኛ ምስክር ክርኑ ተወርውሮ ጭንቅላት ላይ ማረፉን ካሳየ ጉዳዩን እንደ ቀይ ካርድ ቁጠሩትና 3 ጨዋታ አግዱት። ውድድሩ ካለቀ ቀሪው ወደሚቀጥለው ውድድር ይተላለፍ። ኳስ በሌለበት ሰውን ጭንቅላት የመታ ደግሞ ውድድሩን ሙሉና ቀጣዩንም ይውጣ። ይህንን ከመጪው ውድድር በፊት በአንድ ገጽ ጻፉት፣ እያንዳንዱ የቡድን መሪ ይፈርምበት። እገዳው ከሰውየው ጋር እንዲሄድ ምዝገባውን በፎቶ፣ በቀበሌ መታወቂያ ወይም በፋይዳ አድርጉ። ከአጎራባች ሰፈር ኮሚቴዎች ጋርም የታገዱ ሰዎችን ዝርዝር ተለዋወጡ። አንድ ቡድን በአንድ ውድድር ሁለት ጊዜ እንዲህ ካጠፋ አሰልጣኙም አንድ ጨዋታ ከሜዳው ዳር ይራቅ። የኩክን ታሪክ ያመጣሁት ለዚህ ነው። የገንዘብ ቅጣት ግን አልመክርም። ለልጆቹ ይከብዳል፣ አባት ይከፍለዋል፣ ልጁ ምንም አይማርም። ለተመታው የሕክምና ወጪ ቡድኖቹ በጋራ ቢያዋጡ ይሻላል፣ እሱንም ከቅጣቱ ጋር አታያይዙት።

ዳኛውን አታሳዱት። ቢጫውን ያወጣው ኳሱ በአየር ላይ ሳለ፣ ስድስት ሰው በተደራረበበት፣ ምናልባትም ያለ አራጋቢ ነው። ቀጣዩ ውድድር ላይ አንድ ሥልጣን ብቻ ጨምሩለት። ጭንቅላቱን የተመታ ማንኛውንም ተጫዋች፣ ቡድኑ ቢቃወምም፣ የማስወጣት ሥልጣን። ያ ሰው ሲወጣ ደግሞ ቡድኑ ተቀያሪ ጨርሶ ቢሆን እንኳ ሌላ ሰው እንዲያስገባ ፍቀዱ። የእግር ኳሱ ዓለም አቀፍ ሕግ አውጪ ይህን ከ2021 ጀምሮ ሲሞክር ቆይቶ በ2024 ውድድሮች መርጠው እንዲጠቀሙበት በሕጉ ውስጥ አስገብቶታል። አሰልጣኝ የተመታውን ልጅ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ በ10 ሰው መጫወት ፈርቶ ነው። ፍርሃቱን አስወግዱለት።

ልጁን በተመለከተ፣ ሐኪም አይቶት ደህና ነው ካለ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ቀን ቀለል አድርጎ ይረፍ። ጨለማ ክፍል ውስጥ መዝጋት አያስፈልግም፣ እንቅልፍም አትከልክሉት፤ ስልክና ፊልም ይቀንስ፣ መጠጥ አይንካ፣ ሞተርም ሆነ ባጃጅ አይንዳ። ከዚያ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ ብቻውን ከኳስ ጋር፤ አንዱን ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን ሳያምመው ካለፈ ብቻ ወደ ሌላው። ምልክቱ ከባሰበት አንድ ደረጃ ይመለስ። ስፔሻሊስት በቅርብ በሌለበት የእንግሊዞቹ የአማተር ስፖርት መመሪያ የሚለውን ብትከተሉ ይሻላችኋል። ከ21 ቀን በፊት ወደ ውድድር የለም፣ መጋጨት ያለበት ልምምድ ውስጥም ቢያንስ 14 ቀን ያለምንም ምልክት ሳይቆይ አይገባም። ፍጻሜው የፊታችን እሁድ ከሆነ ልጁ አይሰለፍም። ቢለምናችሁም፣ ደህና ነኝ ብሎ ቢምልም፣ አጥቂ ባይኖራችሁም።

አንድ ነገር ቀረ። ጥያቄህ ላይ «የእኛ አጥቂ» ብለሃል። አንተ የኮሚቴ አባልም ነህ፣ የተመታው ልጅ ቡድንም ነህ። በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፅ አትስጥ። ከተከላካዩ ሰፈር የሆነውም አባል አይስጥ። ሁለታችሁ ያያችሁትን ተናግራችሁ ውጡና የቀሩት ይወስኑ። የቀሩት ሦስት ሰው ካልሞሉ ከሌላ ሰፈር ውድድር ሰው ጥሩ።